ዩኒቨርሲቲው የሚጠየቀው በየትኛው ጥፋቱ ነው?

ጥያቄ (ከሜሪላንድ የደረሰ፣ አጠር ተደርጎ የቀረበ)፦ የእህቴ ልጅ 20 ዓመቷ ነው። ከአዲስ አበባ በተማሪ ቪዛ መጥታ ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ትማራለች። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ አብሯት የሚማር ልጅ ዶርም ውስጥ ወሲባዊ ጥቃት አደረሰባት። በሦስተኛው ቀን ለዶርሙ ተጠሪ ተማሪ ነገረች፤ «አሳውቃለሁ» አላት። ከአምስት ሳምንት በኋላ ከአንድ ቢሮ ተደውሎ «ፖሊስ ካልከሰሰው እኛ ምንም ማድረግ አንችልም» ተባለች። ከዚያ ወዲህ የጠየቃት የለም። ልጁ ላብራቶሪ ውስጥ አብሯት ስለሚገባ ኮርሱን የተወችው እርሷ ናት። አሁን ፌብሩዋሪ ነው፤ ሁሉን ጥላ ሌላ ትምህርት ቤት መግባት ትፈልጋለች። የልጁ ቤተሰቦች የእኛው ሰዎች ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን በኩል ሽማግሌ ልከውብናል። ዩኒቨርሲቲውን መክሰስ እንችላለን? ቪዛዋስ አይበላሽም?

ምላሽ፦

ልጅቷ ከዩኒቨርሲቲው እንዳትለቅ። ሌላው ሁሉ ሊቆይ ይችላል፤ ይህን ግን ዛሬ ማታ ይንገሯት። ትምህርት ቤቶች እንዲህ ያለውን ጥቃት እንዴት እንደሚያዩ የሚወስነው፣ አሁን በሥራ ላይ ያለው የ2020 የፌዴራል ደንብ፣ መደበኛ አቤቱታ (ምርመራ እንዲጀመር የሚጠይቅ የተፈረመ ጽሑፍ) የሚያቀርብ ሰው አቤቱታውን በሚያስገባበት ዕለት በዚያው ተቋም የሚማር ወይም ለመማር የሚሞክር መሆን አለበት ይላል። ዛሬ የመልቀቂያ ፎርም ሞልታ ነገ አቤቱታ ብታስገባ «ተማሪያችን አይደለችም» የሚል ሕጋዊ ማምለጫ በገዛ እጇ ትሰጣቸዋለች። አቤቱታውን ፈርማ ካስገባች በኋላ ብትዛወር ግን መዛወሯ ብቻውን ፋይሉን አያዘጋውም። ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው።

መክሰስ ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። ይቻላል፤ ነገር ግን ዛሬ በእጃችሁ ያለው ክስ ደካማ ነው። ደካማ የሆነው የልጅቷ በደል ስላነሰ ሳይሆን፣ ዩኒቨርሲቲው «አላወቅሁም» የሚልበት ቀዳዳ ገና ስላልተደፈነ ነው። እሱን ለመድፈን አንድ ሳምንት ይበቃል።

ብዙ ቤተሰብ «ጥቃቱ በግቢው ውስጥ ስለደረሰ ዩኒቨርሲቲው ይጠየቅበታል» ብሎ ያስባል። የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች እንደዚያ አያዩትም። ተማሪ በተማሪ ላይ ለፈጸመው ጥቃት ትምህርት ቤቱ የሚጠየቀው፣ ነገሩን ካወቀ በኋላ ባደረገው ወይም ሳያደርግ በቀረው ነው። መሠረቱ ታይትል ናይን የሚባለው፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1972 የፈረሙት ሕግ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ይያዙልኝ)። ሕጉ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በፆታ ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል እንጂ ተማሪ ፍርድ ቤት ሄዳ ትክሰስ የሚል ቃል የለበትም። የመክሰሱን መብት በትርጉም ያወጣው ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነው፤ በ1979 መክሰስ እንደሚቻል፣ በ1992 ደግሞ የገንዘብ ካሳ መጠየቅ እንደሚቻል ወሰነ። ከዚያ በ1998 እና በ1999 በሰጣቸው ሁለት ውሳኔዎች የከፈተውን በር መልሶ አጠበበው።

በጠበበው በር ለማለፍ ከሳሿ የምታስረዳው ብዙ ነው። እርምጃ ለመውሰድ ሥልጣን ያለው ኃላፊ ነገሩን በእርግጥ አውቆ ነበር፤ አውቆም የሰጠው ምላሽ በማንም ሚዛን ምክንያታዊ ሊባል የማይችል ችላ ባይነት ነበር፤ በደሉ ከባድና ማንም ሰው የሚጸየፈው ከመሆኑም በላይ በትምህርቷ ላይ የተንሰራፋ ነበር፤ በዚህም የተነሳ የመማር ዕድሏን አጥታለች። ልብ ይበሉ፤ «ምርመራው ደካማ ነበር» ወይም «ውሳኔው ተሳስቷል» ማለት አይበቃም። ዳኞች በዩኒቨርሲቲው ቦታ ተቀምጠው የዲሲፕሊን ውሳኔ መከለስ አይወዱም። በየዓመቱ ብዙ መዝገብ የሚዘጋው እዚህ ላይ ነው። አንድ ነገር ሠርቶ ያበላሸ ተቋም ብዙ ጊዜ ያመልጣል፤ የሚያዘው ምንም ያልሠራው ነው። ለእኔ ይህ የሕጉ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ግን የምንሠራው ባለው ሕግ ነው።

የልጅቷ ዩኒቨርሲቲ ቨርጂኒያ ውስጥ መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅማችኋል። ፍርድ ቤቶቹ በአንድ ትልቅ ጥያቄ ተከፋፍለዋል፦ ትምህርት ቤቱ ካወቀ በኋላ ሁለተኛ ጥቃት ካልደረሰ ክስ አለ ወይስ የለም? ሚሺጋንና ኦሃዮን የሚያየው የስድስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2019፣ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ላይ በቀረበ ክስ፣ ካወቀ በኋላ ተጨማሪ በደል መድረስ አለበት አለ። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያሉበት የአራተኛው ወረዳ ፍርድ ቤት ግን በ2021 በፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ጉዳይ ተቃራኒውን ያዘ፤ የትምህርት ቤቱ ችላ ማለት ልጅቷን ለተጨማሪ በደል አጋልጦ ከተዋት ይበቃል ብሎ ወሰነ። እዚያው ላይ የማወቅን ነገርም አቃለለው፤ የደረሰው ጥቆማ በማንኛውም አስተዋይ ሰው ዓይን ወሲባዊ ጥቃትን የሚገልጽ ከሆነ፣ ኃላፊዎቹ «አላመንነውም ነበር» ብለው ማምለጥ አይችሉም። በእናንተ ጉዳይ ልጁ እዚያው ላብራቶሪ መግባቱን መቀጠሉና እርሷ ኮርሱን ለቅቃ መውጣቷ በዚህ መስፈርት የሚመዘን እውነተኛ ጉዳት ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳው ልምጣ። «ለትምህርት ቤቱ ነግራለች» ብለዋል። የነገረችው ለዶርም ተጠሪ ተማሪ ነው። እሱ ልጁን የማገድም ሆነ ክፍል የመቀየር ሥልጣን የለውም፤ ስለዚህ በፌዴራል ፍርድ ቤት ዓይን ለእሱ የተነገረ ነገር ለዩኒቨርሲቲው እንደተነገረ ላይቆጠር ይችላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች በራሳቸው መመሪያ የዶርም ተጠሪዎችን ሪፖርት የማድረግ ግዴታ ይጥሉባቸዋል። የቨርጂኒያ ግዛትም በ2015 ባወጣው ሕግ ኃላፊነት ያለበት ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰማ ወዲያው ለታይትል ናይን አስተባባሪው (ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለውን አቤቱታ እንዲይዝ ለመደበው ኃላፊ) እንዲያሳውቅ፣ የፖሊስ ተወካይ ያለበት ገምጋሚ ኮሚቴም በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲሰበሰብ አዟል። የዶርም ተጠሪው ነገሩን አስተላልፎ ከሆነ ከደወለላት ቢሮ ጀርባ ወረቀት አለ። አላስተላለፈ እንደሆነ ደግሞ የአምስት ሳምንቱ ዝምታ ምክንያቱ እሱ ነው። የትኛው እንደሆነ ግን በግምት አይታወቅም። ለዚህ ነው አስተባባሪው ራሱ በስሙ የተጻፈ ደብዳቤ እንዲደርሰው የምፈልገው። በጽሑፍ ያለ ይወረሳል፣ በቃል ያለ ይረሳል ይባል የለ፤ በዚህ አገር ፍርድ ቤት ደግሞ በቃል ያለው ከነጭራሹ አልነበረም ሊባል ይችላል።

በስልክ የተነገራትም ስህተት ነው። የፖሊስ ጉዳይና የዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ሁለት የተለያዩ ሂደቶች ናቸው። ፖሊስና ዓቃቤ ሕግ የሚሠሩት በወንጀል ሕግ፣ ከጥርጣሬ ነጻ በሆነ ማስረጃ ነው። ዩኒቨርሲቲው የሚመዝነው የራሱን የሥነ ሥርዓት ደንብ ሲሆን፣ ሚዛን የደፋ ማስረጃ ወይም ከዚያ ከፍ የሚለውን ግልጽና አሳማኝ ማስረጃ የሚባለውን መስፈርት መርጦ ይጠቀማል። ፖሊስ እየመረመረ ከሆነ ለአጭር ጊዜ ሊያዘገይ ይፈቀድለታል፤ «ካልተከሰሰ አናይም» ማለት ግን አይችልም። በሌላ በኩል ልጅቷ ወደ ፖሊስ መሄድ ከፈለገች አልረፈደባትም፤ በቨርጂኒያ ከባድ ወንጀል በይርጋ (በክስ ጊዜ ገደብ) አይታገድም። የሕክምና ማስረጃ የሚሰበሰብባቸው ጥቂት ቀናት አልፈዋል፤ የስልክ መልእክቶች፣ በዚያው ሳምንት የነገረቻቸው ጓደኞችና የሐኪም መዝገብ ግን አሁንም ማስረጃ ናቸው።

እንዲህ ያለ መልስ ለምን ይሰጣል? ክፋት ብቻ አይደለም። አንዲት ተማሪ የተናገረችው ነገር በዶርም አስተዳደር፣ በተማሪዎች ዲን፣ በግቢ ፖሊስና በታይትል ናይን ቢሮ መካከል ሲንከራተት እያንዳንዱ ሌላው ይዞታል ብሎ ይተኛል። የምርመራ ሠራተኛ ጥቂት ነው፤ ደንቡም በየአስተዳደሩ ይለዋወጣል። በ2011 የወጣው መመሪያ በ2017 ተነሳ፤ በ2020 ሌላ ደንብ መጣ፤ የ2024ቱ በጃንዋሪ 2025 በኬንታኪ የፌዴራል ዳኛ ተሽሮ ወደ 2020ው ተመለስን። ግን ስምና ገንዘብም አለበት። በ2016 ቤይለር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች የተጠቆሙባቸው ጉዳዮች እንዴት እንደተያዙ የውጭ የሕግ ድርጅት ሲመረምር አሠልጣኙ ተባረሩ፣ ፕሬዚዳንቱም ከሥልጣናቸው ተነሱ። እዚያው ቨርጂኒያ ሊንችበርግ ያለው ሊበርቲ ዩኒቨርሲቲ በ2024 14 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ ከጥፋቶቹ አንዱ ተጠቂ ተማሪዎች የግቢውን የሥነ ምግባር ደንብ በመጣሳቸው እንቀጣለን ብለው እንዲፈሩና እንዳይናገሩ ማድረጉ ነበር። ደዋዩ ሰው የትኛው ምክንያት እንዳለው እኛ አናውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጥ ማስገደድ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤው። በኢሜይል፣ በቀጥታ ለታይትል ናይን አስተባባሪው ይላክ፤ ስሙና አድራሻው በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ እንዲለጠፍ ሕጉ ያስገድዳል። ምን እንደደረሰባት በጥቂት ዓረፍተ ነገር፣ መቼ ለማን እንደነገረች፣ በስልክ ምን እንደተባለች፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንዳጣች ትጻፍ። «ይህ መደበኛ አቤቱታዬ ነው፤ ምርመራ እንዲጀመር እጠይቃለሁ» የሚለው ቃል በግልጽ ይኑርበት፤ ስሟንም ትፈርም። ዝርዝሩን ሁሉ እዚያ ላይ መዘርገፍ አያስፈልግም፤ በኋላ በመስቀለኛ ጥያቄ ቃል በቃል ይነበብባታልና። በዚያው ደብዳቤ የዶርሙ የካሜራ ምስልና የበር ካርድ መዝገብ እንዳይጠፋ ትጠይቅ፤ እነዚህ ነገሮች በየጊዜው የሚሰረዙ ናቸው፤ ምናልባት ጠፍተዋል፤ ከጠየቀች በኋላ ቢጠፉ ግን ጥፋቱ የእነሱ ይሆናል።

ቀጥሎ የድጋፍ እርምጃ የሚባሉትን ትጠይቅ። እነዚህን ለማግኘት መደበኛ አቤቱታ እንኳ አያስፈልግም፤ ዩኒቨርሲቲው ነገሩን ካወቀበት ቀን ጀምሮ ሊያቀርብላት ይገባ ነበር። እርስ በርስ እንዳይገናኙ የሚያዝ ትእዛዝ፣ የላብራቶሪ ሰዓት መለወጥ፣ የዶርም ዝውውር፣ የፈተና ማራዘሚያ፣ የተወችው ኮርስ ውጤቷን እንዳያበላሽ ማድረግ፣ የምክር አገልግሎት። ሲከለክሉ ለምን እንደከለከሉ መመዝገብ አለባቸው። እውነቱን ለመናገር ከፍርድ ቤት ካሳ ይልቅ ብዙ ተማሪዎችን ትምህርታቸው ላይ ያቆያቸው ይህ ተራ የሚመስል ነገር ነው።

የሚመጣውንም ትወቀው። መደበኛ አቤቱታ ሲገባ ተከሳሹ በጽሑፍ ይነገረዋል፤ ስሟን ያውቃል። እስኪወሰን ድረስ ጥፋተኛ እንዳልሆነ ይቆጠራል፤ ይህ ደግሞ ተገቢ ነው፤ ልጃቸው ያለ ፍትሐዊ ሂደት የተባረረባቸው ቤተሰቦችም ዩኒቨርሲቲን ከሰው ያሸንፋሉ። ሁለቱም ወገኖች የተሰበሰበውን ማስረጃ አይተው መልስ ለመስጠት ቢያንስ 10 ቀን ያገኛሉ። ከዚያ በቀጥታ የሚካሄድ ችሎት ይኖራል፤ የልጁ አማካሪ፣ ጠበቃም ሊሆን ይችላል፣ ልጅቷን መስቀለኛ ጥያቄ ይጠይቃታል። ልጁ ራሱ ግን አይጠይቃትም፤ እርሷ ከፈለገች በሌላ ክፍል ሆና በቪዲዮ ትሳተፋለች፤ የቀደመ የግል ሕይወቷም፣ ከጥቂት ሁኔታዎች በስተቀር፣ አይነሳም። የራሷ አማካሪ ከሌላት ዩኒቨርሲቲው ለችሎቱ በነጻ ሊያቀርብላት ግዴታ አለበት፤ እኔ ግን በእነሱ አማካሪ ብቻ እንድትገባ አልመክርም። ልጁ ምርመራው ሳያልቅ ትምህርቱን ለቆ ቢሄድ በቨርጂኒያ ሕግ በትምህርት ማስረጃው ላይ ይህ ይጻፋል። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ይግባኝ አላቸው።

ከዩኒቨርሲቲው ውጭ ያሉት በሮች የሚከተሉት ናቸው። በፌዴራል የትምህርት ሚኒስቴር ሥር ለሚገኘው የሲቪል መብቶች ቢሮ አቤቱታ ማቅረብ ነጻ ነው፤ ጠበቃ አያስፈልገውም፤ ከተጎጂዋ ሌላ ሰውም ማቅረብ ይችላል። ጊዜው 180 ቀን ነው። ለጥንቃቄ ከኦክቶበር መጀመሪያ ከቆጠሩት ማርች መጨረሻ ወይም ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ያበቃል። የዩኒቨርሲቲው የውስጥ ሂደት ካለቀ በኋላ በ60 ቀን ውስጥ የመጣን አቤቱታ ቢሮው ሊቀበል ይችላል፤ በዚያ ተስፋ ግን አትቀመጡ። ይህ ቢሮ ዩኒቨርሲቲውን አሠራሩን እንዲያስተካክል በስምምነት ያስራል እንጂ ለልጅቷ ካሳ የሚቆርጥ ፍርድ ቤት አይደለም። ደግሞም አቅሙ ተመናምኗል፤ በማርች 2025 ሚኒስቴሩ ከሠራተኞቹ ግማሽ ያህሉን እንደሚቀንስ ሲያስታውቅ ከቢሮው 12 የክልል ጽሕፈት ቤቶች 7ቱ እንዲዘጉ ተደርጓል። አቤቱታው ይግባ፤ ፈጣን መልስ ግን አይጠበቅ።

ሁለተኛው ክሌሪ የሚባለው ሕግ ነው። በ1986 በሊሃይ ዩኒቨርሲቲ ዶርሟ ውስጥ ተደፍራ በተገደለች የ19 ዓመት ተማሪ ስም የሚጠራ፣ በ1990 የወጣ ሕግ ሲሆን፣ ዩኒቨርሲቲዎች በግቢያቸው የተፈጸመውን ወንጀል በየዓመቱ እስከ ኦክቶበር 1 ይፋ እንዲያደርጉ፣ ለተጠቂዎችም መብታቸውን በጽሑፍ እንዲሰጡ ያዛል። የሊበርቲ ቅጣት የመጣው በዚህ ሕግ ነው። በእሱ ግለሰብ መክሰስ አይችልም፤ ጥቆማ ግን መስጠት ይቻላል። «የመብት ዝርዝር የያዘ ወረቀት ተሰጥቶሽ ነበር?» ብለው ልጅቷን ይጠይቋት። አልተሰጣት እንደሆነ ያ ራሱን የቻለ ጥሰት ነው።

ሦስተኛው ፍርድ ቤት ነው፤ እዚህ ላይ ስለ ገንዘብ ያለውን ሕልም ማስተካከል ይኖርብኛል። ሚሺጋን ስቴት በ2018 ለ332 ተጠቂዎች 500 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል መስማማቱን፣ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲም በ2021 ለ710 ሴቶች 852 ሚሊዮን መስማማቱን ሰምተው ይሆናል። ሁለቱም ለዓመታት ጥቆማ እየመጣባቸው ሥራ ላይ የቆዩ የተቋሙ ሐኪሞች ጉዳይ ናቸው። ተማሪ በተማሪ ላይ በፈጸመው አንድ ጥቃት እንዲህ ያለ ቁጥር አይመጣም፤ ፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2016 አገር ያወቀውን አንድ ጉዳይ የዘጋው የጠበቃ ክፍያን ጨምሮ በ950,000 ዶላር ነበር፤ እሱም ከተለመደው በላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ጠብቧል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 የፌዴራል ገንዘብን መሠረት ባደረጉ ሁለት የፀረ አድልዎ ሕጎች ለሥነ ልቦና ስቃይ ካሳ አይጠየቅም ብሎ ወሰነ፤ የሥር ፍርድ ቤቶችም ያንኑ ለታይትል ናይን እየተጠቀሙበት ነው። ስለዚህ የሚቆጠረው በደረሰኝ የሚታይ ጉዳት ነው፦ የተከፈለ ትምህርት ክፍያ፣ የጠፋ ክሬዲት፣ የቴራፒ ወጪ፣ የቤት ለውጥ፣ የዘገየ ምረቃ። ከዛሬ ጀምሮ ደረሰኝ የተባለ ሁሉ ይቀመጥ።

የጊዜ ገደቡን በተመለከተ፣ ታይትል ናይን የራሱ ይርጋ ስለሌለው በአካል ላይ ለደረሰ ጉዳት ካሳ ለመጠየቅ ግዛቱ ያስቀመጠውን ይርጋ ይዋሳል፤ በቨርጂኒያ ሁለት ዓመት፣ በሜሪላንድና በዲሲ ሦስት፣ በሚኒሶታ ስድስት ዓመት ነው። ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ስለሆነ በግዛቱ ሕግ በቸልተኝነትም ልትከሱት ካሰባችሁ በአንድ ዓመት ውስጥ የቅድሚያ የጽሑፍ ማስታወቂያ መስጠት ግዴታ ነው፤ ካሳውም በመሠረቱ 100,000 ዶላር ጣሪያ አለው። ይህን የአንድ ዓመት ገደብ ስንቱ ቤተሰብ ሳያውቅ አሳልፎታል! ልጁን በግሉ በፍትሐ ብሔር መክሰስም ይቻላል፤ እሱ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ቪዛው። ማመልከቷም ሆነ መክሰሷ ቪዛዋን አያበላሸውም፤ ታይትል ናይን ዜጋና የውጭ ተማሪ አይለይም፤ በማመልከቷ ቢበቀሏት በቀሉ ራሱ እንደሚያስከስስ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 ወስኗል። ቪዛውን የሚያበላሸው ኮርስ መተው ነው። ኤፍ ዋን በሚባለው የተማሪ ቪዛ ያለች የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በየሴሚስተሩ ቢያንስ 12 ክሬዲት መያዝ አለባት፤ ከዚያ ዝቅ ማለት የምትችለው የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮው ኃላፊ አስቀድሞ ሲፈቅድላት ብቻ ነው። ላብራቶሪውን ስትተው ከ12 በታች ወርዳ ከሆነ ይህ ነገ ጠዋት የሚታይ ጉዳይ ነው። በጤና ምክንያት መቀነስ ይፈቀዳል፤ የሐኪም ወይም ፈቃድ ያለው ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ በአንድ የትምህርት ደረጃ በድምሩ ከ12 ወር አይበልጥም። ለቪዛ ኃላፊው ታሪኩን ሁሉ መዘርዘር የለባትም፤ እሱም ሪፖርት የማድረግ ግዴታ ሊኖርበት ይችላል፤ «የሕክምና ምክንያት» ማለት በቂ ነው። ዩ ቪዛ ስለሚባለው፣ ለወንጀል ተጠቂዎች ስለሚሰጠው፣ ከሰዎች ይሰሙ ይሆናል። አለ፤ ግን ከፖሊስ ወይም ከዓቃቤ ሕግ ጋር ተባብራ ማረጋገጫ ማግኘት አለባት፤ በዓመት የሚሰጠው 10,000 ብቻ ስለሆነ ወረፋው ብዙ ዓመት ነው። በእሱ ላይ ዕቅድ አይሠራም።

ሽማግሌዎቹን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልናገር። አይቀመጡ። ሽምግልና ለብዙ ነገር መድኃኒት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለዚህ ግን አይሆንም። እዚያ የተባለው ሁሉ በኋላ በችሎት «እኮ ታርቀው ነበር» ተብሎ ይቀርባል። ከዚያ የባሰው ገንዘብ ነው፤ ወንጀልን ላለመክሰስ ተስማምቶ ገንዘብ መቀበል በቨርጂኒያ ሕግ ለተቀባዩም ወንጀል ነው። «የልጃችንን ስም አታጥፉ» ብለው የላኩት የቴሌግራምና የስልክ መልእክት ካለ አይሰረዝ፤ ጫናው ከቀጠለም ለአስተባባሪው በጽሑፍ ይነገር። በእናንተም በኩል ማንም የልጁን ስም በፌስቡክ ወይም በቲክቶክ እንዳያወጣ፤ የስም ማጥፋት ክስ የምትጋብዙት በዚህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ከመደበኛው ችሎት ይልቅ በመግባባት ለመጨረስ ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል። እሱ ከሽምግልናው ይለያል፤ በሁለቱም የጽሑፍ ፈቃድ ብቻ የሚደረግና ከመፈረም በፊት ማቋረጥ የሚቻልበት ነው። ምስጢር ለመጠበቅ የሚያስፈርም ወረቀት ካቀረቡላት ግን ጠበቃ ሳያየው አትፈርም።

ስለ እርስዎም አንድ ነገር። ልጅቷ 18 ዓመት ስላለፋት ዩኒቨርሲቲው ያለ እርሷ የጽሑፍ ፈቃድ ለእርስዎ ምንም አይነግርም፤ ከቤተሰቡም አቤቱታውን መፈረም የምትችለው እርሷ ብቻ ናት። ዲኑ ቢሮ ገብቶ መጮህ ደስ ይል ይሆናል፤ ለፋይሉ ግን ምንም አይጨምርም። የራሷን የትምህርት መዝገብ፣ ስለ ጥቆማዋ የተጻፈውን ጨምሮ፣ ለማየት መብት አላት፤ በጽሑፍ ስትጠይቅ በ45 ቀን ውስጥ ሊያሳዩአት ይገባል። መቀጠል አልፈልግም ብትልም ውሳኔው የእርሷ ነው። ከግቢው ውጭ በምስጢር ማነጋገር ከፈለገች ብሔራዊው የወሲባዊ ጥቃት መስመር 1-800-656-4673 ሌት ተቀን ይሠራል።

ምክሬ ይህ ነው። ልጅቷ ከፈቀደች በዚህ ሳምንት ለአስተባባሪው የተፈረመ መደበኛ አቤቱታ ታስገባ፤ የድጋፍ እርምጃዎቹን በዚያው ትጠይቅ፤ የክሬዲት ቁጥሯን ከዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ጋር ታስተካክል። ከማርች ሳያልፍ ለሲቪል መብቶች ቢሮ አቤቱታ ይግባ። ፍርድ ቤት የምትሄዱት ዩኒቨርሲቲው ለደብዳቤው ምን እንዳደረገ ከታየ በኋላ ነው፤ ጠበቃ የምታማክሩት ግን አሁን ነው። ጠበቃው በአካባቢው የምናውቀው የመኪና አደጋ ጠበቃ አይሁን። «በአራተኛው ወረዳ በታይትል ናይን ዩኒቨርሲቲ ከሰው ያውቃሉ? ተማሪ ወክለው ነው ወይስ ዩኒቨርሲቲ?» ብለው ይጠይቁት። ካሸነፉ የጠበቃ ክፍያውን ተሸናፊው እንዲከፍል የፌዴራል ሕግ ስለሚፈቅድ፣ አንዳንዶች ቅድሚያ ሳይጠይቁ ይይዙታል። ፍርድ ቤቱ ከፈቀደም ክሱ በእርሷ ስም ሳይሆን «ጄን ዶ» በሚል ስም ይቀርባል። ወደ ጠበቃው የመጀመሪያ ቀጠሮ፣ ለአስተባባሪው የተላከውን ኢሜይል፣ የመጣውን መልስና ምንም ያልመጣባቸውን ቀናት ጽፋ ይዛ ትሂድ።